በጋሻ ላይ ያለው መስቀል፦ ከመስቀል ጦረኞች ዓርማ እስከ ሉተር ማኅተም

ማርቲን ሉተር በ1529 ከቱርኮች ጋር ስለሚደረግ ጦርነት ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ቆም የሚያደርግ አሳብ አለ። እርሱ ወታደር ቢሆንና በጦር ሜዳ የካህናት ሰንደቅ ወይም መስቀል ቢያይ፣ ሥዕለ ስቅለት ያለበት እንኳ ቢሆን፣ ሰይጣን እንደሚያሳድደው ሰው ሮጦ እንደሚያመልጥ ይናገራል። ይህን በጻፈ በዓመቱ ግን ያው ሉተር ስለ ገዛ ማኅተሙ ተጠይቆ ሲመልስ፣ በማኅተሙ መካከል ከሁሉ አስቀድሞ መስቀል እንዲኖር ይፈልጋል። በሰንደቅ ላይ ካለው መስቀል የሚሸሽ ሰው በማኅተሙ ላይ መስቀል አስቀረጸ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችን አንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ማኅተም ማስቀረጽ ነው። በማኅተሙ ላይ መስቀል ይገባል፤ አሁን አሁን በጋሻ ውስጥ የሚያስገቡትም አሉ። ሽማግሌዎች «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ዓርማውን የሠራው ወጣት ከኢንተርኔት ያገኘውን ዝርዝር ያቀርባል፦ ይህ ቅርጽ እምነትን ያመለክታል፣ ይህ ቀለም ሰማዕትነትን፣ ይህ ጫፍ ደግሞ ሥላሴን። ሁሉም ይረካል። የእነዚህ ዝርዝሮች አብዛኛው ክፍል ግን ዓርማዎቹ ከተፈጠሩ ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች የለጠፉት ነው። በጋሻ ላይ ያለ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቅርጹን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ማን እንደ ያዘው፣ ለምን እንደ ያዘውና በእርሱ ሥር ምን እንደ ተደረገ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከልብስ ወደ ጋሻ

በጋሻ ላይ ምልክት መሳል ጥንታዊ ልማድ ነው። የክርስቶስን ምልክት ከጋሻ ጋር ያገናኘው ዋነኛው ታሪክ ደግሞ የቈስጠንጢኖስ ነው። ላክታንቲዩስ ከ312ቱ ውጊያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሲጽፍ ንጉሠ ነገሥቱ በሕልም ታዝዞ በወታደሮቹ ጋሻ ላይ ምልክት እንዳስደረገ ይተርካል፤ አውሳብዮስ ከንጉሡ ሞት በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪክ ደግሞ በሰማይ የታየውን የብርሃን መስቀል ይጨምራል። ሁለቱ ትረካዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ለእኛ የሚጠቅመን ነገር ግልጽ ነው፦ ሮማውያን ወንጀለኛን ያዋርዱበት የነበረው ዕንጨት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የድል ምልክት መሆን ያዘ።

ይህ ግን ገና ሄራልድሪ አይደለም። ሄራልድሪ ማለት አንድ ምልክት የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ንብረት የሚሆንበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስበት፣ ቀለሙና ቅርጹ በደንብ የሚወሰንበት የዓርማ ሥርዓት ነው። የተወለደውም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮጳ ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 መውረራቸውን የሚያሳየው የባዩ ጥልፍ ላይ መስቀል ያለባቸው ጋሻዎች አሉ፤ ክንፍ ያለው አውሬ ያለባቸውም አሉ። ነገር ግን ምልክቱ ለሰውየው የተወሰነ አይደለም። እንዲያውም በዚያው ጥልፍ ላይ ዊልያም ሞቷል ተብሎ ሲወራ የራስ ቁሩን ከፍ አድርጎ ፊቱን ለወታደሮቹ ሲያሳይ እናያለን። ጋሻው አለመናገሩ ነው ችግሩ። የራስ ቁሩ ፊትን ይበልጥ እየሸፈነ ሲሄድ ሰውን ከሩቅ የሚያስታውቅ ነገር ግድ ሆነ። በ1151 የሞተው የአንዡ መስፍን ጆፍሯ በለ ማን ከተማ በተቀመጠው የመቃብር ምስሉ ላይ በሰማያዊ መደብ ወርቃማ አንበሶች ያሉበት ጋሻ ይዟል፤ ብዙዎች የዚህን ሥርዓት ጅማሬ ከእርሱ ይቈጥራሉ። አንበሳ እንጂ መስቀል እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

መስቀሉ የመጣው በሌላ በር፣ በልብስ በኩል ነው። በኅዳር ወር 1095 የሮም ሊቀ ጳጳስ ኡርባን 2ኛ በፈረንሳይ አገር በክሌርሞንት ከተማ ሕዝቡን ወደ ኢየሩሳሌም እንዲዘምት ጠራ። ጥሪውን የተቀበሉት ከጨርቅ የተቈረጠ መስቀል በልብሳቸው ላይ ሰፉ። ለዚህ መሠረት የሆነው ጌታ ሊከተለው የሚወድ ሁሉ ራሱን ክዶ መስቀሉን እንዲሸከም ያዘዘበት ቃል ነው (ማቴ. 16፥24)። እዚህ ላይ አንድ የስብከት መምህር ቆም ማለት አለበት። ጌታ የተናገረው ሌላው ሰው በአንተ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን መስቀል የሚሸከም ሰው ወደ ገዛ ሞቱ የሚሄድ ነበርና። በክሌርሞንት ግን ቃሉ ተገልብጦ መሣሪያ ለታጠቀ ሰው የዘመቻ ምልክት ሆነ። «መስቀል መውሰድ» የሚለው አነጋገር ብዙም ሳይቆይ የሕግ ቃል ሆነ፤ መስቀል የወሰደ ሰው ስእለት ያለበት፣ ንብረቱ በቤተ ክርስቲያን የሚጠበቅለት፣ የንስሓ ቅጣቱ የሚነሣለት ሰው ነው። በ1096 የጸደይ ወራት መስቀል ከሰፉት መካከል አንዳንድ ጭፍሮች ገና ከጀርመን አገር ሳይወጡ በሽፓየር፣ በዎርምስና በማይንዝ አይሁድን ገደሉ። ሐምሌ 15 ቀን 1099 ኢየሩሳሌም ስትያዝ በሙስሊሞችና በአይሁድ ላይ የደረሰውን እልቂት የመስቀል ጦረኞቹ ራሳቸው ያለ እፍረት ጽፈውታል።

መስቀሉ መለያ መሆኑ በግልጽ የሚታየው በጥር 1188 ነው። ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ የፈረንሳዩ ፊሊጵ 2ኛ፣ የእንግሊዙ ሄንሪ 2ኛና የፍላንደርስ መስፍን በጂዞር ተገናኝተው ወታደሮቻቸው እንዳይደባለቁ የመስቀል ቀለም ተከፋፈሉ፦ ለፈረንሳዮች ቀይ፣ ለእንግሊዞች ነጭ፣ ለፍላንደርስ አረንጓዴ። በቀይ ቀለም ውስጥ የክርስቶስን ደም ለሚሰብክ ሰው ይህ ስምምነት ጥሩ መድኃኒት ነው። ቀለማቱ የተመረጡት ለትርጉማቸው ሳይሆን አንዱ ከሌላው ስለሚለይ ነው። ኋላም ነገሩ ተገለበጠ፤ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ቀዩ መስቀል የእንግሊዞች፣ ነጩም የፈረንሳዮች ነበር። ነገረ ድኅነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰልፉ ነው። ስዊሶችም ዛሬ በሰንደቅ ዓላማቸው የምናየውን ነጭ መስቀል በ1339 በላውፐን ውጊያ ላይ የያዙት ወገንን ከጠላት ለመለየት ነበር።

የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ የሕግ ሊቅ ባርቶሎ ስለ ዓርማ በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ስም ሰውን ለመለየት እንደ ተሰጠ ዓርማም እንዲሁ ነው። ከብዙ የምሥጢር ትርጓሜ ይልቅ ይህ የሕግ ሰው አስተያየት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የቅርጾቹ ስም

መስቀል የሚመርጡ ቤቶች ሲበዙ ቀለም ብቻ አልበቃም። ስለዚህ ጫፎቹ ተለወጡ። በዓርማ ባለሙያዎች ዘንድ የመስቀሉ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው፤ ስማቸው ግን ከገበሬና ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው። አንዱ ጫፎቹ ሁለት ወደ ውጭ የተቀለበሱ ቀንዶች አሉት፤ ስሙ የተወሰደው የላይኛውን የወፍጮ ድንጋይ ከሚይዘው ብረት ነው። ሌላው ጫፉ እንደ መልሕቅ ነው። ሦስተኛው በአራቱም ጫፍ አግድም አሞሌ ያለው ሲሆን ስሙ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ምርኩዝ» ማለት ነው። የመቋሚያን ራስ ያየ ሰው ቅርጹን ወዲያው ያውቀዋል። እግሩ እንደ ካስማ የሾለም አለ። ስሞቹ እንደሚያሳዩት እነዚህን ቅርጾች በመጀመሪያ የለየ ሰው ዓይኑ ያየው የቤትና የእርሻ ዕቃ እንጂ የሃይማኖት ምሥጢር አልነበረም።

ቀለሙንም የሚገዛ ሕግ ነበረ። ወርቅና ብር (ማለትም ቢጫና ነጭ) እንደ ማዕድን ይቈጠራሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም ናቸው። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይደረብም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በአቧራ መካከል ከሩቅ እንዲታይ። ነጭ በቀይ ላይ ይታያል፤ ቢጫ በነጭ ላይ አይታይም።

በዚህ ሕግ ላይ ያመፀው ዝነኛው ዓርማ የኢየሩሳሌም መንግሥት ዓርማ ነው። በብር መደብ ላይ አንድ ትልቅ የምርኩዝ መስቀልና በዙሪያው አራት ትናንሽ መስቀሎች፣ ሁሉም ወርቅ። አምስቱ መስቀሎች አምስቱ የጌታ ቁስሎች ናቸው ይባላል፤ ጌታና አራቱ ወንጌላውያን ናቸው የሚሉም አሉ። ወርቅ በብር ላይ የሆነበትንም ምክንያት ከመዝሙር 68፥13 ያወጡት ነበሩ። ዓርማውን ለጎድፍሬ ዘቡዮን የሚሰጡት ብዙዎች ናቸው፤ እርሱ ግን የሞተው በ1100፣ የዓርማ ሥርዓት ገና ሳይወለድ ነው። ይህ ዓርማ በማስረጃ የሚገኘው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያ ክፍለ ዘመን ደግሞ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተማይቱን ያጣበት ዘመን ነው፤ ነገሥታቱ ዓርማውን የያዙት በዓካ ተቀምጠው ነበር፤ እርስዋንም በ1291 አጡ። የሌለ መንግሥት ዓርማው ከሁሉ ይልቅ ማማሩ አይገርምም።

የወታደር መነኰሳቱም እንዲሁ ናቸው። የቤተ መቅደስ ጦረኞች በነጭ ካባ ላይ ቀይ፣ የሆስፒታል ጦረኞች በጥቁር ላይ ነጭ፣ የጀርመን ጦረኞች በነጭ ላይ ጥቁር መስቀል አደረጉ። የሆስፒታሎቹ መስቀል ኋላ «የማልታ መስቀል» የተባለው ነው፤ ስምንት ሹል ጫፎቹም የማቴዎስ 5 ስምንቱ ብፅዓን ናቸው ተባለ። ትርጓሜው ያምራል፤ ግን ከቅርጹ በኋላ የመጣ ነው። ጥቁሩ የጀርመኖች መስቀል ደግሞ ረጅም መንገድ ሄደ፦ በ1813 የፕሩሲያ ንጉሥ ለጀግንነት የብረት መስቀል ኒሻን አደረገው፤ በ1939 ሒትለር መካከሉ ላይ ስዋስቲካ አስገብቶ አደሰው። ከዚህ ሁሉ ለውጥ በኋላም ዝርዝሩ ቅርጹ ላይ ያለው ያው መስቀል ነው።

የዴንማርክን ሰንደቅ ዓላማ ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1219 ንጉሥ ቫልደማር 2ኛ በኢስቶኒያ ሲዋጋ ነጭ መስቀል ያለበት ቀይ ሰንደቅ ከሰማይ ወረደ ይባላል። ትረካው የተጻፈው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሠራዊት ሰንደቁ ከሰማይ እንደ መጣለት መስማት ይወዳል፤ ይህን ዓይነት ምስክርነት በመድረክ ላይ ከመድገማችን በፊት መቼ እንደ ተጻፈ ብንጠይቅ መልካም ነው።

የሉተር ማኅተም

ወደ ሉተር እንመለስ። በ1530 የአውግስቡርግ ጉባኤ ሲደረግ ሉተር በ1521 በዎርምስ ከተላለፈበት የንጉሠ ነገሥቱ ውግዘት የተነሣ መገኘት ስላልቻለ በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ ነበር። የእምነት መግለጫው ሰኔ 25 ተነበበ። የሳክሶኒው አልጋ ወራሽ ዮሐንስ ፍሬድሪክ ለሉተር የማኅተም ቀለበት ሊያሠራለት አስቦ ነበር፤ የኑረምበርግ ከተማ ጸሐፊ ላዛሩስ ሽፔንግለር የዓርማውን ንድፍ ልኮ ትክክል መሆኑን ጠየቀ። ሉተር ሐምሌ 8 ቀን ሲመልስ ዓርማውን የሥነ መለኮቱ ምልክት አድርጎ ተረጐመው።

ከሁሉ አስቀድሞ በልብ ውስጥ ጥቁር መስቀል አለ፤ የሚያድነን በተሰቀለው ላይ ያለ እምነት መሆኑን እንዲያስታውሰው ነው፤ ሰው በልቡ አምኖ ይጸድቃልና (ሮሜ 10፥10)። መስቀሉ ጥቁር የሆነው ስለሚያሳምምና ሥጋን ስለሚገድል ነው። ልቡ ግን የራሱ ቀለም እንደ ሆነ ይቀራል፤ መስቀሉ የሰውን ተፈጥሮ አያጠፋም፤ በሕይወት ይጠብቀዋል እንጂ። ልቡ በነጭ ጽጌረዳ መካከል ተቀምጧል፤ እምነት ዓለም እንደሚሰጠው ያልሆነ ደስታና ሰላም ስለሚሰጥ ጽጌረዳው ቀይ ሳይሆን ነጭ ነው። ጽጌረዳው ያለበት ሰማያዊ መደብ በተስፋ የተያዘው የሚመጣው ደስታ ነው፤ በዙሪያው ያለው የወርቅ ቀለበት ደግሞ ፍጻሜ የሌለው መሆኑ።

ይህን ከዓርማ ሕግ አንጻር ስናየው አንድ ነገር ይወጣል። ጥቁር መስቀል በቀይ ልብ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ነው። ኢየሩሳሌም ሕጉን በክብር ሞልታ ጣሰችው፤ የሉተር መስቀል ደግሞ በጨለማ። በጦር ሜዳ ማንም አያየውም። በሰም ላይ ሲታተምማ ቀለሙ ጭራሽ የለም፤ የሚታወቀው በማብራሪያው ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ይህ መስቀል ከሩቅ እንዲያስፈራ የተሠራ አይደለም፤ ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ቀርቦ የሚያየው ነው። በጋሻው ውጭ፣ በጠላት ፊት የነበረውን ሉተር ወደ ልብ ውስጥ አስገባው፤ በዚያም የሚገድለው ተሸካሚውን ራሱን ነው። ይህ በ1518 በሃይደልበርግ ክርክር ያቀረበው የመስቀል ሥነ መለኮት ነው።

በ1529 ከመስቀል ሰንደቅ ለምን እንደሚሸሽም አሁን ግልጽ ነው። ሉተር ቱርኮችን መከላከልን አልተቃወመም። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይዋጋ፤ ግን በራሱ ሰንደቅ ሥር፣ በራሱ ስም፣ እንደ ገዢ ይዋጋ። የክርስቶስን ስም በጦር ላይ መስቀል ነው የከለከለው። ይህን ስል ሉተርን ላነግሠው አይደለም። ያው ባለ ማኅተም በ1543 በአይሁድ ላይ ምኵራባቸው እንዲቃጠል የሚመክር መጽሐፍ ጽፏል፤ በ1096 በራይን ወንዝ ዳር መስቀል የሰፉት ካደረጉት ሩቅ አይደለም። በማኅተሙ ላይ ያለው መስቀል ብዕሩን አልያዘውም።

ነጭ በቀይ፣ ቀይ በነጭ

ይህ ታሪክ ወደ አገራችን የገባበት አንድ ቀን አለ። የሳቮያ ቤት ዓርማ በቀይ መደብ ላይ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ ነጭ መስቀል ነው። ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ በ1848 ባለ ሦስት ቀለሙ ሰንደቅ መካከል አስገባው፤ ከ1861 ጀምሮም የጣሊያን መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ሆነ። ጥቅምት 3 ቀን 1935 የመረብን ወንዝ የተሻገረው ጦር በዚህ መስቀል ሥር ነበር። በዚያው ወር 28ኛ ቀን የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በከተማው ካቴድራል ሲሰብኩ የጣሊያን ጦር የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ እንደሚወስድ ተናገሩ። ወደ ኢትዮጵያ! በእጅ መስቀል በተሞላች አገር፣ በነገሥታትዋ ዓርማ ላይ ያለው አንበሳ እንኳ መስቀል በያዘባት።

በሌላው ወገን ሌላ መስቀል ነበረ። በ1864 የጄኔቫ ስምምነት ለቁስለኛ ረዳቶች የተመረጠው ምልክት በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ነው፤ የ1906ቱ ስምምነት የስዊስ ቀለማት ተገልብጠው የተሠራ መሆኑን ይናገራል። የስዊስና የሳቮያ ቀለማት ደግሞ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ መስቀሎች፣ የወራሪውና የሐኪሙ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው።

ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 በደቡቡ ግንባር በመልካ ዲዳ የጣሊያን አውሮፕላኖች በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራውን የስዊድን ቀይ መስቀል ጓድ ደበደቡ። በግንባሩ ያዘዘው ጄኔራል ግራዚያኒ ነበር። ቀዩ መስቀል ከድንኳኖቹ ላይ ይታይ ነበር። በአልጋ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑም ጉናር ሉንድስትሮም ቆስሎ ሞተ። በምርኮ ስለ ተገደለ አንድ አብራሪ የተደረገ በቀል ነው ተባለ። በግንቦት 1937 በዚያው ሰው ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተረሸኑ።

ጣሊያን በ1946 ሪፐብሊክ ስትሆን የሳቮያ መስቀል ከሰንደቅ ዓላማዋ ወጣ። የወጣው ንጉሡ ስለ ወረደ ነው። መስቀሉ የአንድ ቤተሰብ ስም መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበርና፣ ከክርስቶስ መስቀል አንዳች ጐደለ ብሎ የተቃወመ የለም።